የደመቀ የመጨረሻ ገና

«ኧረ አልቅሺ አንቺ! ሰው ምን ይላል?» አለች የሟቹ እህት አፀደ፣ የወንድሟን ሚስት ተሻለችን በክርኗ ጎሸም አድርጋ።

ተሻለች ብታለቅስ በወደደች። ባሏ ደመቀ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እንባዋ ግን እንደ ደረቀ ቀርቷል። ገላዋም የራሷ አይመስላትም። ለቀስተኛው የጭላሎ ተራራ ብርድ ጠበሰን እያለ ጋቢውን ይከናነባል፤ እሷ ግን ብርዱም አልተሰማትም።

አልቃሿ ድንኳኑ መሀል ገብታ የደመቀን የገና ዱላ ከፍ አድርጋ ዞረች።

«ጭላሎን አሻግሮ ሩሯን የሚሰዳት፣
ዛሬ አፈር ተጭኖት ክንዱን ማን ያንሳለት!»

ወንዶቹ ደረታቸውን ደቁ። እውነትም አሰላ ውስጥ እንደ ደመቀ ሩር የሚለጋ አልተፈጠረም። ላይ ሰፈር ታች ሰፈርን በየገናው ሲያሳፍር የኖረው በእሱ ዱላ ነው። ባለሱቁ ሁሴኖ እንኳ «ወላሂ የሱቄን ቆርቆሮ በሩር የበሳው እሱ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላስደፈንኩትም» እያለ ዓይኑን ጠረገ።

የ1965ቱን ገና ግን የሚያነሳ አልነበረም። ያን ቀን ሩሯ እግሩ ሥር መጥታ ቆመች፤ ደመቀ ሳይመታት ቀረ፤ ታች ሰፈር አሸነፈ። የታች ሰፈር አለቃ የተሻለች ወንድም ወልደጻድቅ ነውና «ለሚስቱ ዘመዶች ሸጠን» ተባለ። ደመቀ አንድ ቃል አልመለሰም። ጓደኞቹ ፊት እንደነሱት፣ ጠጅ ቤት ብቻውን እየተቀመጠ ከርሞ ሞተ።

አሁን ወልደጻድቅ ብድግ አለ።

«ስሙኝማ! ሸጠን ትላላችሁ። የምን መሸጥ? እድሜ ልኬን ስዋረድ አይቶ አዘነልኝና ለቀቀልኝ እንጂ! አንድ ገና እንኳ ደስ ይበለው ብሎ ነው!» ወደ እህቱ ዞረ። «አይደል እንዴ እህት ዓለም? መቼም ላንቺ ሳይነግርሽ አይቀርም።»

የድንኳኑ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ከዚያ ገና በፊት ጀምሮ የደመቀ ቀኝ ክንድ ከደረቱ በላይ አይነሳም ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግታ የምታለብሰው እሷ ነበረች። «ደከመ ከሚሉኝ ሸጠ ቢሉኝ ይሻለኛል» ብሎ አስምሏታል።

«ነግሮኛል» አለች ተሻለች። «ለወንድምሽ ብዬ ነው ብሎኛል።»

ያኔ ለቅሶው ቀለጠ። ያኮረፉት ጓደኞቹ «ወይኔ! ምን ዓይነት ሰው ነው የቀበርነው!» እያሉ መሬት ላይ ወደቁ። አልቃሿም ለደግነቱ አዲስ ግጥም አወጣች። የተሻለች ዓይን እንደደረቀ ነው።

አፀደ አልቅሳ አልቅሳ ሲበርዳት ካፖርቷን አነሳች። ተሻለች ተቀበለቻትና ቀኝ እጅጌውን ዝቅ አድርጋ፣ በሁለት እጇ አፉን ከፍታ ያዘችላት።

«ምን ሆነሻል? እኔ እጄ ደህና ነው እኮ» አለች አፀደ።

ተሻለች አልሰማቻትም። እጅጌውን እንደያዘች «ቀስ በል» አለች።