«ልጄ» ሲተረጎም

ናዖድ የወረቀቱን ግርጌ መልሶ አነበበው።

ቦታው ሳን ሆዜ፣ አንድ የሕግ ቢሮ፣ ስድስተኛ ፎቅ ነው፤ ናዖድ የመጣው የአንዲት አሮጊት ቃለ መሐላ ሊያስተረጉም ነው። ወረቀቱ የኢንሹራንስ ኩባንያው ከአምስት ሳምንት በፊት ከእሳቸው በስልክ የተቀበለው ቃል ነው። ከግርጌው «አስተርጓሚ ቁጥር 4417» ይላል። ቁጥሩ የራሱ የናዖድ ነው።

የስልክ አስተርጓሚ በቀን ሃያ ሰው ያስተናግዳል። እኚህን ሴትዮ አላስታወሳቸውም። ከክፍሉ ውስጥ ማንም ቁጥሩን ልብ እንዳላለ ግን ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ቃኝቶ አረጋገጠ።

ወይዘሮ ወርቂቱ ጉዲና ከኦክላንድ የመጡት በባቡር ነው። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ቤታቸው የሚኖረው ተገኘ ደግነት የሚባል ወጣት መኪናቸውን ይዞ ወጥቶ ሄይዋርድ ላይ ብስክሌተኛ ገጨ። ብስክሌተኛው እሳቸውን ከሰሰ። ተገኘም ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሐኪሞቹ ቃሉን እንዲሰጥ ገና አልፈቀዱም። ኢንሹራንሱ ቆሞ ካልተከራከረላቸው ወይዘሮ ወርቂቱ ቤታቸውን ያጣሉ።

ኢንሹራንሱ አልቆምም ብሏል። ውሉ፣ አብሮ የሚኖርና ስሙ ያልተመዘገበ ዘመድ መኪናውን ከነዳ አያገባንም ይላል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የነዳው ወንድ ልጄ ነው።»

ናዖድ «ወንድ» የሚለውን ከየት እንዳመጣው ጠፋው። ሴትዮዋ ያሉት «ልጄ ነው የነዳው» ብቻ መሆን አለበት።

የኢንሹራንሱ ጠበቃ መነጽሯን አስተካከለች። «ባለፈው ጸደይ የይግባኝ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ አለ። ኩባንያው አያገባኝም የሚያሰኘውን የውል አንቀጽ ሲጠቅስ በግልጽ ማስረዳት አለበት፤ ጥርጣሬ ካለ ጥቅሙ ለደንበኛው ነው። እዚህ ግን ጥርጣሬ የለም። በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል።»

ናዖድ ተረጎመላቸው።

«ምነው ፊትህ አመድ መሰለ የኔ ጌታ? ቁርስ አልበላህም እንዴ?» አሉት።

አስተርጓሚ የሰማውን ሁሉ መተርጎም አለበትና ይህንንም ተረጎመው። ቃሉን የምትይዘው ጸሐፊ እየሳቀች መዘገበችው።

ጠበቃዋ አልሳቀችም። ጥያቄዋን ጠየቀች፤ ናዖድም ወደ አማርኛ መለሰው፦ «ተገኘ ዘመድዎ ነው?»

«ዘመድ?» ወይዘሮ ወርቂቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እኔ እዚህ አገር ዘመድ የሚባል የለኝም አባቴ። አንድ እንኳ።»

ጠበቃዋ ቀና አለች። ሁለቱን ስሞች በጣቷ እየነካች አነበበች፤ ጉዲና፣ ደግነት። «የአባት ስማቸውም አንድ አይደለም» አለች ለራሷ። ይህ ጥያቄ አልነበረም። ናዖድም የራሱን አስተያየት አልጨመረበትም።

«ታዲያ በስልክ ለምን ልጄ አሉት?»

«ልጄ ነዋ! ምን ልበለው ታዲያ? ሚስተር?»

ናዖድ ይህን እንደምንም ተረጎመ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ አሮጊቷ ግን በእሱ አንድ ቃል ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ቢናገር ደግሞ የአስተርጓሚነት ፈቃዱን ይነጥቁታል። ማስታወሻው ላይ «ልጄ» ብሎ ጻፈ፣ ሰረዘው፣ እንደገና ጻፈው። ከዚያ እጁን አወጣ።

«አስተርጓሚው ማብራሪያ መስጠት ይፈልጋል» አለ፣ የሥራው ደንብ እንደሚለው ስለራሱ እንደ ሌላ ሰው እየተናገረ። «በአማርኛ ልጄ ማለት የግድ የወለዱት አይደለም። ትልቅ ሰው ተከራዩንም፣ ጎረቤቱንም፣ መንገድ ላይ ያገኘውንም ልጄ ይላል። ያንን ቃል ወንድ ልጄ ብሎ የተረጎመው ሰው ተሳስቷል።»

«ማን እንደተረጎመው እናውቃለን?» አለች ጠበቃዋ።

«እኔ ነኝ። 4417 እኔ ነኝ።»

የጸሐፊዋ ጣቶች ቆሙ።

«ይህ ፈቃድህን ሊያሳጣህ እንደሚችል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ጠበቃዋ ስልኳን ይዛ ወጣች። ሃያ ደቂቃ ቆየች። ናዖድ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ላቡን ጠረገ። ወይዘሮ ወርቂቱ ከቦርሳቸው ናፕኪን አውጥተው ሰጡት። «ምን ብለሃቸው ነው እንዲህ ያስጨነቅካቸው?» አሉት በሹክሹክታ። አልመለሰላቸውም፤ ከምስክር ጋር ወሬ ክልክል ነው።

ጠበቃዋ ተመልሳ ፋይሉን ዘጋች። «በዚህ ማስረጃ ብንከራከር ያ ውሳኔ ራሳችንን ነው የሚመታን። ኩባንያው ጠበቃ ይመድብላቸዋል፤ ክሱንም እስከ መጨረሻው ይይዛል። በቃለ መሐላ ዘመድ የለኝም ብለዋል፤ ለኛ እሱ ይበቃናል። ውሸት ሆኖ ከተገኘ ግን ሁሉም ነገር ይፈርሳል፤ ተጠያቂነትም አለው። ይህን ንገራቸው።»

ነገራቸው። «እኔ መቼ ዋሽቼ አውቃለሁ?» አሉ።

ሊፍቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሆኑ። «ጌታ ይባርክህ፣ እጅህ ይባረክ!» አሉት። ናዖድ ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ። ሥራው ቢሄድም አንድ ስህተት አርሟል። ግን ሁሉን ነገር ሁለቴ ካላጣራ አይሆንለትም።

«አሁን ወደ ቤት ነዎት፣ እማማ?»

«የለም፣ ሆስፒታል። ለተገኘ የምፈርመው ወረቀት አለ።»

«እርስዎ ነዎት የሚፈርሙለት? ዘመድ ላልሆነ ሰው ይፈቅዳሉ እንዴ?»

ወይዘሮ ወርቂቱ ትከሻውን መታ አድርገው ሳቁ።

«አንተ ደግሞ! ከሆዴ የወጣውን ልጅ ዘመዴ ነው ልበል እንዴ?»