ስንት ኒውተን ቀረን?

መምህሩ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ካርታ ዘርግቶ ሲዋሽ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

የእማማ ደብሪቱ ልጅ ልመንህ ከአምስት ወር በፊት «ኒውተን የሚባል ከተማ ገብቻለሁ» ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ኒውተን ደግሞ አንድ አይደለም። እንግሊዝ ብቻ ስንት አለ፤ አሜሪካም አውስትራሊያም አለ፤ የሰው ስምም ነው። መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እየመጣ፣ አባትየው ታመው ከጀርባው ከተኙበት መጋረጃ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በቀን አንድ ኒውተን ለእማማ ያነብላቸዋል።

«ይኸኛው ወንዝ አለው፣ ፋብሪካም አለው። እዚህ ይሆናል እማማ።»

እውነቱን የያዙት እሱና የእድሩ ዳኛ ናቸው። ልመንህ ከሞተ ወር አልፎታል። ዳኛው ግን «ፋሲካ ሳያልፍ እናቱን አናረዳም፤ እስከዚያ አንተ በካርታህ ያዝልን» ብለውታል።

ዛሬ የአውስትራሊያውን አንብቦ ሲነሣ እማማ ደብሪቱ እስከ በር ሸኙት። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ሻሻቸውን ገፈፈው። ጸጉራቸው ከሥሩ ተላጭቷል።

መምህሩ አትላሱን እንዳቀፈ «እማማ…» ማለት ጀመረ።

«ዝም በል ልጄ» አሉት በሹክሹክታ፣ ሻሻቸውን መልሰው እየጠመጠሙ። «ከሰማሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። አባቱ ልቡን ታሟል፤ ይህን ከሰማ አይተርፍልኝም። ነገም ና። ጮክ ብለህ አንብብ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«መምህር፣ ስንት ኒውተን ቀረን?»