የጭቃው ጎል

ኤልዊን ፓሪ ቅዳሜ ጠዋት ካርዲፍ ላለችው ልጁ ደወለ። ዛሬ ስታዲየም ሄዶ አንድ ሰው እንኳ ካወቀው እዚሁ ፔንትሬዱ እንደሚቀር፣ ማንም ካላወቀው ግን ቤቱን ሸጦ እሷ ዘንድ እንደሚገባ ነገራት። እሷም ቶሎ ብላ፣ "እሺ አባዬ፣ አልጋህን አነጥፋለሁ" አለችው። ይሄ ነው ያስከፋው።

ለፔንትሬዱ እግር ኳስ ክለብ ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ ጉልበቱ እስኪከዳው ተጫውቷል። ካቆመ ወዲህ ሜዳውን አልረገጠም። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮው ብቻ ነው።

ከከተማው ሰው ግማሹ ፓሪ ስለሆነ የሚለየው በሥራው ነው። እሱ ኤልዊን ኳስ ነበር፣ ሞክሼው ወተት አዳዩ ደግሞ ኤልዊን ወተት። ወተት አዳዩ በዚህ ሳምንት ተቀበረ። ኤልዊን ቀብሩ ላይ ሻይና ዘቢብ ያለው ዳቦ ይዞ ጥግ ተቀመጠ፤ አጠገቡ የመጣ የለም።

ክለቡን አሁን አንዱን ፓሪ ከሌላው የማይለዩ የሩቅ አገር ሰዎች ገዝተውታል። ትኬት የምትሸጠው ልጅ ቀና ብላም አላየችው።

አውቶብሱ አዘግይቶት ሲገባ ሕዝቡ በሙሉ ቆሟል። ተጫዋቾቹ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው መሀል ሜዳ ላይ ተቃቅፈዋል። የኅሊና ጸሎት ነው። ኤልዊን ቆቡን አወለቀ። ማን እንደሞተ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ አብሮት በአጥቂነት ይጫወት የነበረው ሆፕኪን ከታመመ ቆይቷል።

አጠገቡ ሕፃን ያቀፈች ወጣት ሴት ነበረች። ፊሽካው ልጇን እንዳያስደነግጥባት ጆሮውን በመዳፏ ሸፍናለች። ጸሎቱ ሲያበቃ ዓይኗን ጠርጋ ታወራው ጀመር። አባቷ የገና በዓል በመጣ ቁጥር የሚያወራው ስለዚህ ሰው ነበር፤ ጫማው ተቀዶ፣ በጭቃው ውስጥ አንድ እግሩን በካልሲ ብቻ ሮጦ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ስላገባት ጎል።

 ያቺ ጎል የኤልዊን የራሱ ናት። ሆፕኪን ያን ቀን አልተሰለፈም። ለእሱ የቀረችው አንዲት ነገር ያቺ ጎል ነበረች፣ እሷንም ወስደው ለሆፕኪን ሰጡበት።

"ያቺን ጎል እሱ አላገባትም" አለ።

ሴትየዋ ዞር ብላ አየችው። "ነውር አይደለም አባባ? በሞተ ሰው ይቀናሉ?"

"ተያቸው የኔ እህት" አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ። "እኚህ ሰውዬ ኳስ አይተው አያውቁም።"

ዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። ኤልዊን ቆቡን አደረገና እያነከሰ ወደ መውጫው ሄደ። ካርዲፍ ይሻላል። ማታ ለልጁ ይደውላል።

በሩ ጋ ሲደርስ ከጎሉ ኋላ ያሉት ሽማግሌዎች መዝፈን ጀመሩ፣ ስታዲየሙም ቆሞ እያለቀሰ ተቀበላቸው፤ የሚዘፍኑት የኤልዊንን ስም ነበር።