እስከ ነገ ጎህ

አለምወርቅ ፎቶውን ከግሩፑ ላይ ለማጥፋት ስልኳን ትነካካለች። የወርቁ ፎቶ ነው፤ ሻማ ተደርጎበታል፣ ከሥሩም «ነፍስ ይማር» ተብሎ ተጽፎበታል። አብሯቸው የተማረው ደሞዜ ነው ከይፋግ የላከው። ወርቁ የብዙነሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ ብዙነሽ ደግሞ እዚሁ ግሩፕ ውስጥ ናት። መሞቱን ገና አልሰማችም።

ቀትር ላይ የብዙነሽ የአክስት ልጅ የሺዋስ ደውሎ ነበር። ወርቁ መተማ ታሞ ሰንብቶ ዛሬ ጠዋት አርፏል። «እትየ አለምወርቅ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሎች ጋር ገብተን እንነግራታለን። እስከዚያ በስልክ እንዳትሰማ፣ አደራዎን» አላት። እሷም የግሩፑን ሰው በየተራ እየደወለች አስጠነቀቀች። የደሞዜ ስልክ ብቻ ዝግ ነበር። ሲከፍተው ፌስቡክ ላይ አየና፣ ሁልጊዜ ወሬ ቀድሞ እንደሚያመጣው ይሄንንም አመጣው።

ግሩፑን የከፈተችላት የልጅ ልጇ ስርጉት ናት። ደብረ ታቦር እስከ ስድስተኛ ክፍል አብረው የተማሩ ሰዎች የድሮ ዘፈን ይላላኩበታል፣ ወሬም ይጠያየቁበታል። «የማይሆን ነገር የላከ ካለ አንቱ ያጠፉታል» ብላ ማጥፊያውን ያሳየቻት ጊዜ አለምወርቅ ስቃ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ማን ላይ ልሾም ብላ።

ፎቶው ጠፋ። ግን ብዙነሽ አይታው ይሆን? ስልኳን ከፍታ ተቀምጣለች፤ ስሟ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ አልጠፋችም። ገሳይ ላይ ብቻዋን ነው የምትኖር፣ ያውም ደም ግፊት አለባት። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አንዷ ወገቧን አንዷ ክንዷን ይዛት ነው። ስልክ ማንን ደግፎ ያውቃል? አለምወርቅ ብዙነሽን በሐሳቧ ጓዳዋ ውስጥ ተዘርራ አየቻትና አማተበች።

ደሞዜ ጋ ደወለች።

«ምነው ደሞዜ፣ መርዶ እንዲህ ይነገራል?»

ደሞዜ፣ አገር ያወራውን እሷ ያልሰማች አልመሰለኝም አለ፤ ድምፁ የተቀጣ ተማሪ ድምፅ ሆነ።

«በል አሁን ዘፈን ላክ። ምንም እንዳልተፈጠረ ላክ።»

«ሰው ሞቶ ዘፈን?»

«ነገ ጥቁር ስትለብስ ዓመት ሙሉ ዘፈን ቤቷ አይገባም። ዛሬ ዝም ካልን ግን ትጠረጥራለች። ላክ።»

ላከ። ያውም እናት በልጇ የምታለቅስበትን። አለምወርቅ አጠፋችው። ሁለተኛው ወደ ሱዳን ወርዶ ስለቀረ ሰው ነው፤ እሱንም አጠፋችው። ስልኳ ላይ ያሉትን የራሷን ደግሞ አንድ በአንድ እያስጀመረች አዳመጠች። ስንት ዘመን ስትወዳቸው የኖረች ዘፈኖች፣ አንዱ እንኳ ሰው የማይሄድበት፣ ሰው የማይቀርበት የለም። በመጨረሻ ከእህቷ ልጅ ሠርግ የተቀዳውን የሙሽራ ዘፈን ላከች። ወንድሟ ለሞተባት ሴት እልልታ።

ብዙነሽ ጻፈች። «ምን ተገኝቶ ነው? ደሞዜ ሊያገባ ነው እንዴ?»

ደሞዜ፣ ማን ወስዶኝ፣ ጥርሴ ሁለት ቀርቷል ብሎ መለሰ። ብዙነሽም ሁለቱም ወሬ ለማውራት አልከለከሉህም አለችው። ሌሎቹም ገቡ። የገሳይ ውርጭ ድንቹን እንደመታው፣ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው መንገድ ዛሬ እንደተከፈተ፣ እንዲህ እንዲያው እያሉ ተጫወቱ። የተማሩበት ዘመን ሱቅ በር ላይ ቆመው የባለሱቁን ሬዲዮ ያዳምጡ እንደነበር ተነሣ። ብዙነሽ እንጀራ እናቷ የላከቻትን ጨው ረስታ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆማ መገረፏን አወራች።

ከዚያ ብዙነሽ፣ ሌላ ዘፈን አምጡ አለች። ላኩላት። አሁንም ሌላ አለች። እንደወትሮው ቢሆን ሁለት ሰምታ ዶሮዎቼን ላስገባ ብላ የምትሄድ ሴት ናት። ዛሬ ግን ምት ያለውን፣ እስክስታ የሚያስወርደውን ሁሉ እየጠራች አስላከች። አንዱንማ ራሷ አንጎራጉራ በድምፅ ላከችው፤ ማለቂያው ላይ ትንሽ ሰለለባት እንጂ አሳምራዋለች።

አላየችም፣ አለች አለምወርቅ ለራሷ። እመቤቴ ሸፈነችልኝ። ከቀትር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጮኸ። ግሩፑ ላይ አይደለም፤ ብዙነሽ ለብቻዋ ነው የላከችላት፣ በድምፅ። ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ከፈተችው።

«አለም፣ ደሞዜን አትቆጪው። ጎረቤቴ ውዴ መጥታለች፣ እኔው ጋ ታድራለች፤ አታስቢ። እነየሺዋስንም ንገሪያቸው፣ ጎህ ሲቀድ ሲመጡ ውሻው አይጮህባቸውም፤ ጓሮ አስሬዋለሁ። እኔ እንደሆነ የሰማሁት ነገር የለም።»

ቃሏ አልቋል፤ ድምፁ ግን አልተቋረጠም። መዝጋቱን ረስታዋለች መሰል። አለምወርቅ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ቆየች። ከወዲያ በኩል ሰንሰለት ይንኳኳል፤ መታሰር ያልለመደው ውሻ ቀጭን አድርጎ ያላዝናል።