የቅዳሜው ውጤት

«ይኼንን ስማ ብዬሃለሁ፤ ከዚህ በላይ ፖድካስት የለም» አለ ወገኔ፣ የአስማረን ስልክ ተቀብሎ የራሱን ሚሞሪ እየከተተበት። «ልጁ አሰላለፍ ሲተነትን ሜዳው መሀል የቆምክ ነው የሚመስልህ።»

«እሱ ደግሞ እንቅልፍ ነው» አለ አበረ ወደ አስማረ ዞሮ። «ሁለቱ ጓደኛሞች የሚከራከሩበትን ስማ። አንደኛው እንዳንተ ማንቼ ነው። ሲሸነፉ የሚደረድረው ሰበብ ብቻውን ያስቃል።»

አስማረ ራሱን ነቀነቀ። ደጃፋቸው ላይ በቆመችው የጋሼ ቢሻው ጋሪ ላይ ተቀምጧል፤ እናቱ ወይዘሮ ዘውድነሽ ጠዋት ያስያዙትን ዳቦ እንደጨበጠ ነው። አልገመጠውም። እሳቸውም አልቀመሱ።

ታናሽ ወንድሙ ሽመክት ከተቀበረ ሳምንት አልሞላውም። ዓርብ ዕለት ጥሊሊ መንገድ ላይ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ፤ ቅዳሜ ቀበሩት። ሐዘንተኛ አርባው ሳይወጣ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ጎል በገባ ቁጥር አይዘልም፤ ዳንግላ ላይ ነውር ነው። ስለ ጨዋታ የሚያወራ ሰው መስማትን ግን ማንም አልከለከለም። ይህችን ቀዳዳ ያገኟት የዲኤስቲቪ ቤት ወዳጆቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚወዱትን ፖድካስት ይዘው መጡ። ሌላው ሰው ለሐዘንተኛ እህል ይዞ ይመጣል፤ እነሱ ያላቸው ይኼው ነበር።

ደግ ሰዎች ናቸው። አስማረ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ከአንገቱ በታች አልወርድ ብሎታል። ድምፃቸው ወንዝ ማዶ ሆኖ የሚጣራ ሰው ድምፅ ይመስለዋል። ከግምጃ ቤት ከተማ የመጣችው አስለቃሽ የሽመክትን ቁመና፣ ደግነቱን፣ ሳይዳር መቅረቱን እያነሳች አገር ምድሩን ስታስነባ፣ የእሱ ዓይን ጠብ አላለም። «የእናት ልጅ አይደለም እንዴ?» ያሉም አልጠፉ። የዚያኑ የቀብር ዕለት ማታ ድንኳን ውስጥ ስልኩ ብልጭ ብሎ ውጤቱን አሳየው፦ አርሰናል ማንቸስተርን ሁለት ለዜሮ። አንብቦ ኪሱ ከተተው። ማንቼ በተሸነፈ ቁጥር እህል አይቀምስም ነበር፤ ያን ማታም አልቀመሰም፤ ምክንያቱ ግን ኳስ አልነበረም።

ጋሼ ቢሻው እስካሁን የፈረሳቸውን አንገት ያሻሹ ነበር። ጋሪ ነጂ ናቸው። ሰውየው ሲበዛ ገር ናቸው፤ በውጤት ጉዳይ ሲሆን ግን ለወለዱትም አይመለሱ። የድሮ ጎል ደቂቃ የሳተ ሰው ጋሪያቸው ላይ አይወጣም።

«እስቲ የእኔንም ስማ» አሉና ስልካቸውን አወጡ።

አበረ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ያንን ተዉት አላልንዎትም? ተስማምተን አልነበረም እንዴ?»

«እናንተ ተስማማችሁ። እኔ ዝም አልኩ።» ድምፁን ከፍ አደረጉት። «እንባ ያልወጣለት ሐዘን ሰው ይገድላል፣ ልጄ።»

አዘጋጁ የአድማጮችን የድምፅ መልእክት የሚያሰማበት ፖድካስት ነው፤ ዓርብ ጠዋት የወጣ። መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ፤ ከሳቁ በኋላ ንግግር መጣ።

«ከዳንግላ ሽመክት ነኝ። ግምት ከሆነ የጠየቃችሁት፣ አርሰናል ሁለት ለዜሮ ያሸንፋል፤ ጥርጥር የለውም። ችግሩ ወንድሜ አስማረ ማንቼ ነው። ከተሸነፉ እራት አይበላም፤ እሱ ካልበላ እማዬ አትበላም፤ እሷ ካልበላች እኔም ጦሜን ማደሬ ነው። ስለዚህ ግድ የለም፣ አንድ ለአንድ ይውጡልኝ።»

አዘጋጁ ሲስቅ ጋሼ ቢሻው አጠፉት። ፈረሱ ዝንቡን በጭራው ያባርራል።

አስማረ እጁ ላይ ያለውን ዳቦ አየው።

«ስንት ለስንት ወጡ?» አለ።

ከቀብሩ ወዲህ ማንንም ምንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ወገኔና አበረ ተያዩ። ሁለቱም አርሰናል ናቸው፤ ማንቼን የረታበትን ቀን የሚክድ የአርሰናል ደጋፊ ደግሞ ዳንግላ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

«አንድ ለአንድ» አለ ወገኔ።

«አዎ፣ አንድ ለአንድ» አለ አበረ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

አስማረ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እውነት ነው ጋሼ?»

ጋሼ ቢሻው ልጓሙን ያዝ ለቀቅ አደረጉ።

«የእናንተ በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ነው የገባችው» አሉ። «በጭንቅላት።»

አስማረ ዳቦውን ለሁለት ቆረሰና ግማሹን ገመጠ። ደርቋል። እንባው አፉ ድረስ ወርዶ እስኪያርሰው አኘከው፤ ሌላውን ግማሽ እንደያዘ ከጋሪው ወርዶ እናቱ ወዳሉበት ገባ።