የሳጥኑ ቁልፍ

ሳጥኑን ግድግዳ ላይ ያሰቀለው የሆስፒታሉን የጥራት ኮሚቴ የሚመራው ሐኪም ራሱ ነበር። «የሚታያችሁን ጉድለት ጽፋችሁ ክተቱበት» አላቸው ኢንተርኖቹን፤ «ቢሮዬ ድረስ አትመላለሱ። በየሳምንቱ እከፍተዋለሁ።» ቁልፉን ከመኪናው ቁልፍ ጋር አሰረው። ስብሰባ በላይ በላዩ ሲደራረብበት ግን ረሳው።

የሐኪሙ እናት ያረፉት እዚያው ሆስፒታል፣ በተኙበት ዕለት፣ ኦክስጅን አልቆባቸው ነው። ተረኛው ኢንተርን ይርዳው የሚባል ወጣት ነበር። «ጽፌ ነበር እኮ ዶክተር» ቢለውም አልሰማውም። «ዓይንህ እያየ እናቴን ገደልካት» አለውና በኮሚቴው አስወስኖ አሰናበተው። ይርዳው ነጭ ጋዋኑን አጣጥፎ የተረኛ ክፍሉ ወንበር ላይ ትቶት ሄደ።

የሐኪሙ እናት አርባ በወጣ ማግስት አንዲት አዲስ ኢንተርን ቢሮው በር ላይ ቆመች።

«ዶክተር፣ ያ ሳጥን ሞልቶ ወረቀት አልገባ አለኝ። ማነው የሚከፍተው?»

ሄዶ ከፈተው። ከወረቀቶቹ መካከል ሦስቱ የይርዳው ነበሩ። ሁለቱ የሚሉት አንድ ነው፦ «የአልጋ ስድስት የኦክስጅን ጌጅ ተበላሽቷል። ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ሙሉ ያሳያል። ይቀየርልን።»

ሦስተኛው የተጻፈው እናቱ ባረፉበት ዕለት ነው።

«ዶክተር፣ ጠዋት ቢሮዎ ሁለቴ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዋ ‹ጽፈህ ሳጥኑ ውስጥ ክተት ተብሏል› ብላ መለሰችኝ። ዛሬ አልጋ ስድስት ላይ የተኙት እናትዎ ናቸው፤ የማዛውርበት ባዶ አልጋም ሌላ ጌጅም የለም። እባክዎን ሳጥኑን ይክፈቱት።»