የዘገየው አበባ

ሰፈሩ «ተኳሿ» ነው የሚላት። የማያውቃት ሰው ጠመንጃ ያላት ይመስለዋል፤ እሷ ግን የምትተኩሰው የሰው ሸሚዝ ነው፣ ያውም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ላውንድሪ ቤት።

ከአናጺው ባሏ ጋር ሲጋቡ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። «መጀመሪያ ቤታችን ይለቅ፣ ልጁ ከዚያ» ተባባሉ። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ክንዷን ለወሊድ መከላከያ መርፌ ትሰጣለች። ቤቱ ዛሬ በር፣ ነገ መስኮት እያለ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። የወር አበባዋ በመሃል ቀረ፤ የምትወጋት የክሊኒኩ ነርስም «መርፌው ነው፣ የተለመደ ነው» አለቻት። የልጁ ክፍል ጣሪያ የለበሰ ሳምንት መርፌውን አቆመች።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ የወር አበባዋን መጠበቅ ሆነ።

ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ ምንም። «ታገሺ» አለቻት ነርሷ፣ «አንዳንዷ ላይ ዓመትም ከዚያ በላይም ይቆያል።» ታገሰች። ጠዋት ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ባሏ ፊቷን ብቻ ያያል። መጠየቁን ከተወ ሰነባብቷል።

ጭንቀቱ እንቅልፍ ነሳት። በትንሽ በትልቁ ትቆጣለች፤ ተቆጥታ ስታበቃ ታለቅሳለች። ካውያው ፊት ላቡ በጀርባዋ ሲንቆረቆር «የእንፋሎቱ ነገር!» ትላለች። እሑድ እቤቷ ቁጭ ብላ መስኮቱን ስትበረግደው ደግሞ ባሏ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ «ሴትዮ፣ በብርድ ልትጨርሺኝ ነው?» ይላታል።

አማቷ ፍርዳቸውን ከሰጡ ቆይተዋል።

«ልጄ፣ ያ መርፌ ደምሽን ጠጥቶታል። ብዬ ነበር፤ ማን ይሰማኛል!»

«ይወጣል ብለዋል እኮ፣ እማማ።»

«መቼ? እኔ አፈር ከገባሁ በኋላ?»

በአሥራ አንደኛው ወር ባሏ ሆድ ባሰው። ክሊኒኩ ድረስ ሄዶ «ሚስቴን ምን አድርጋችኋት ነው?» ብሎ ነርሷ ላይ ጮኸ። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ለሆስፒታል የደም ምርመራ ወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ዕድሜውን ምስማር ሲመታ የኖረ እጁ የሚመታው ነገር አጣ።

ሆስፒታል አብረው ሄዱ። ሐኪሟ ውጤቱን አንብባ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ እንደገና አነበበችው። ተኳሿ ቀደመቻት።

«ዶክተር፣ ሌላ አልጠይቅዎትም። ይሄ መርፌ ከሰውነቴ የሚወጣው መቼ ነው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«መርፌውማ ወጥቷል፣ እህቴ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ፤ «አንቺ ግን ያረጥሽው ገና መርፌውን እየተወጋሽ ሳለሽ ነው።»